የመኪና ትራክም ጥርሱ ይታያል

በሬ የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። የሀዲያው ያሆዴ ወይም የከምባታው መሳላ በዓል ሲቃረብ፣ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ገበያ ለቅርጫ የሚሆን በሬ የሚመርጡ አባቶች ሻኛውን ሳይዳብሱ፣ ጥርሱን ሳያዩ ብር አይቆጥሩም። እነዚያው አባቶች ለልጃቸው መጫወቻ ሲገዙ ግን የካርቶኑን ሥዕል አይተው ከፍለው ይወጣሉ።

እኔም አድርጌዋለሁ። ለመስቀል ወደ ዱራሜ ስወርድ ለእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ የመኪና ትራክ ገዝቼ ነበር። ካርቶኑ ላይ ቀይ መኪና በእሳት ቀለበት ውስጥ ሲሾልክ ይታያል። ቤት ገብተን ስንከፍተው የሁለት መጋጠሚያ ጥርስ ረግፏል። መኪናዋም ቀለበቱ ላይ ግማሽ መንገድ ወጥታ ትወድቃለች። ልጁ ሩብ ሰዓት ታግሎ ትቶት ወጣ። በኋላ ጓሮ ስሄድ የእንሰት ቅጠል ዘንግ አስቆርጦ፣ እንደ ቦይ የጎደጎደውን ጎን ወደ ላይ አድርጎ፣ ግንቡ ላይ አስደግፎ መኪናዋን ሲያንደረድራት አገኘሁት። የኔ ካርቶን አልጋ ሥር ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ደረጃ በደረጃ ላካፍላችሁ።

ደረጃ 1፦ ከልጁ ዕድሜ ጀምሩ

ካርቶኑ ላይ “0–3” ተጽፎበት በቀይ መስመር የተሰረዘ የልጅ ፊት ካያችሁ፣ ዕቃው ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሆንም። ምልክቱ ከሌለ ራሳችሁ ፈትኑት። የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ ውሰዱ። በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ጎማ፣ የትራፊክ ምልክት ወይም ቁራጭ ሁሉ የሕፃን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል።

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከላይ ተለቃ ወደ ታች የምትንሸራተት ትልቅ መኪናና አጭር ተዳፋት ይበቃዋል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለው ጥቂት ሰፋፊ ቁራጮችን መግጠም ይወዳል። ቀለበትና ዝላይ ያለው ትራክ ለስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። በኮረንቲ የሚሄደውን ስምንት ዓመት እስኪሞላው አቆዩት። በቤቱ ታናሽ ካለ የምትለኩት በታናሹ ዕድሜ ነው፤ ወለል ላይ የተበተነውን ዕቃ የሚያነሳው እሱ ነውና።

ደረጃ 2፦ ወለላችሁን ለኩ

ካርቶኑ ጎን ላይ ትራኩ ሲዘረጋ የሚይዘው ቦታ ብዙ ጊዜ በሴንቲ ሜትር ይጻፋል። 120 በ60 የሚል ከሆነ ዙሪያውን ልጁ ተንበርክኮ የሚንቀሳቀስበት ግማሽ ግማሽ ሜትር ጨምሩ። ሳሎናችሁ ውስጥ ሶፋውና ጠረጴዛው ከተቀመጡ በኋላ ይህን ያህል ባዶ ቦታ አለ? ከሌለ ማታ ማታ የሚፈርስ ትራክ ነውና ቶሎ የሚገጠምና ቶሎ የሚነቀል ምረጡ።

የወለሉ ዓይነትም ይወስናል። ሊሾ ወለል ላይ ሁሉም ይሠራል። ወፍራም ምንጣፍ ላይ መጋጠሚያው ይንጋደዳል። በጭቃ የተለቀለቀ ወለል ደግሞ አቧራ ያነሳል፤ አቧራና ፀጉር የመኪናዋ ጎማ ዘንግ ላይ ሲጠመጠሙ ጎማው መሽከርከር ያቆማል። እንዲህ ባለ ቤት ባትሪ የሌለውን ምረጡ፤ ሲቆሽሽ በቀላሉ ይጸዳል።

ደረጃ 3፦ ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ

አራት ዓይነት አለ፦ በቁልቁለት፣ በስፕሪንግ፣ በባትሪ ድንጋይና በግድግዳ ኮረንቲ የሚሄድ።

የቁልቁለቱ ርካሽና ዕድሜው ረጅም ነው። የሃምበሪቾን ተራራ ወጥቶ የወረደ ሰው ቁልቁለት እግርን እንዴት እንደሚያስሮጥ ያውቃል፤ የመኪናዋም ጉልበት የወረደችበት ከፍታ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀለበት ያለው ከሆነ አንድ ስሌት ያዙ። መነሻው ከቀለበቱ ቁመት ቢያንስ በሩብ መብለጥ አለበት። 20 ሴንቲ ሜትር ለሚቆም ቀለበት 25 ማለት ነው፤ ያውም ምንም ሰበቃ ባይኖር። በተግባር 35 ወይም 40 አድርጉት። ለእህቴ ልጅ የገዛሁት ትራክ መነሻ ከቀለበቱ እኩል ነበር፤ መኪናዋ ገና ከፋብሪካ ስትወጣ ልትወድቅ ተፈርዶባታል።

በድንጋይ የሚሄደው መብራት በጠፋበት ማታም ይሠራል። ግን ስንት ድንጋይ እንደሚፈልግ፣ አብሮ መኖር አለመኖሩንም ጠይቁ። ደጋግሞ ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ 1.2 ቮልት ነው፤ ተራው 1.5 ነው። መኪናዋ ትንሽ ብትዘገይ አትደናገጡ። አሮጌና አዲስ ድንጋይ ግን አትቀላቅሉ።

በኮረንቲ የሚሄደው፣ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1957 ስካሌክትሪክ በሚል ስም የወጣው ዓይነት ነው። መኪናዋ ከሥሯ ባላት ምላስ የትራኩን ስንጥቅ ይዛ ትሄዳለች፤ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ የተዘረጉት ቀጫጭን ብረቶች ኮረንቲ ያቀብሏታል። እዚህ ላይ ደቡብ አፍሪካ ወይም አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ልብ በሉ፤ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች እንዲህ ያለ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው። የኛ ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው አዳፕተር ቮልቱ ይስማማል፤ ሶኬቱ ግን ሦስት ወፋፍራም ክብ እግር ሊኖረው ስለሚችል ማገናኛ ይፈልጋል። የአሜሪካው ግን ቮልቱም ላይስማማ ይችላል። ማገናኛ አግኝታችሁ ብትሰኩትም፣ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ወዲያው ይቃጠላል። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ 100–240 የሚል ቁጥር ካለ ግን ስጋት የለም። ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት ያንን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።

ደረጃ 4፦ ያለችውን መኪና ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ

መጫወቻ መኪና ልኬት አለው። 1:64 ማለት ከእውነተኛው 64 ጊዜ ያነሰ ነው፤ አራት ሜትር ተኩል የሆነ መኪና ሰባት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ1:43 ከአሥር ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ በ1:32 አሥራ አራት ይደርሳል። የአንዱ መኪና በሌላው ትራክ አይሄድም።

በሱቆች የምናያቸው ትንንሽ መኪኖች ብዙዎቹ ወደ 1:64 የሚጠጉ ናቸው። ይህን መጠን ካስለመዱት አንዷ ማችቦክስ ናት። ጃክ ኦዴል የተባለው እንግሊዛዊ የሴት ልጁ ትምህርት ቤት የክብሪት ሳጥን ውስጥ የሚገባ መጫወቻ ብቻ ስለሚፈቅድ ትንሽ የመንገድ መዳመጫ መኪና ሠራላት፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ገበያ የወጣው ምርት ስሙን ያገኘው ከዚያ የክብሪት ሳጥን ነው። ሆት ዊልስ እ.ኤ.አ. በ1968 ተከተለ። ስለዚህ ልጁ ቀድሞ ያሉት መኪኖች የሚሄዱበትን ትራክ ብትገዙ፣ አንድ ካርቶን ገዝታችሁ ያሉትን መኪኖች ሁሉ ሥራ ሰጣችኋቸው ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ጥርሱን እዩ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። “እባክህ ወንድሜ፣ ከፍተህ አሳየኝ” በሉ፤ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ሁለት ቁራጭ አንሡና ግጠሙ፣ ንቀሉ፣ እንደገና ግጠሙ። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ከላላ በሠላሳኛው አይይዝም። የገጠማችሁትን በአንድ ጫፍ ይዛችሁ አንሡት፤ በራሱ ክብደት ከወለቀ ተዉት። ከዚያ ጥፍራችሁን በመጋጠሚያው ላይ አንሸራትቱ። ጥፍራችሁን የሚያደናቅፈው የመኪናዋንም ጎማ ያደናቅፋል። በመጨረሻ ጥርሱን በጣታችሁ ትንሽ ግፉት። ሥሩ ላይ ወዲያው ነጭ መስመር ካወጣ ፕላስቲኩ መድከም ጀምሯል፤ ብዙ ሳይቆይ ይሰበራል።

ይህን ሁሉ እዚያው ሱቁ ውስጥ አድርጉት። ከመርካቶ ገዝታችሁ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ሆሳዕና ከገባችሁ በኋላ፣ ይልቁንም ሺንሺቾ ወይም ሾኔ ከደረሳችሁ፣ የተሰበረ ጥርስ ይዞ የሚመለስ የለም።

ደረጃ 6፦ በ“ፍሬ” ብዛት አትታለሉ

“240 ፍሬ” የሚለው ቁጥር ዛፉን፣ የትራፊክ ምልክቱን፣ አንዳንዴም ተለጣፊውን ሁሉ ይጨምራል። ቀጥ ያለው መንገድ ስንት ነው? ጠማማውስ? ብላችሁ ራሳችሁ ቁጠሩ። አሥራ ሁለት ቀጥና ስምንት ጠማማ ያለው ቀላል ስብስብ፣ አንድ ቅርጽ ብቻ ከሚሠራ ግዙፍ ግንብ ይበልጣል። ልጁ ዛሬ ክብ፣ ነገ እባብ፣ ከነገ ወዲያ ከሆሳዕና ዱራሜ የሚወስደውን መንገድ ይሠራበታል።

የቅርጫ ዘዴም አለ። ጎረቤታሞች ልጆቻችሁ አብረው የሚጫወቱ ከሆነ ተማክራችሁ አንድ ዓይነት ትራክ ግዙ። ሁለት ትንንሽ ካርቶን ሲገጣጠም አንድ ትልቅ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ቤት ሲገባ

መብራት ወይም ድምፅ ያላቸው መኪኖች ውስጥ እንደ ሳንቲም ያለች ጠፍጣፋ ባትሪ ትኖራለች። ክዳኗ በብሎን ካልታሰረ አትግዙ። ልጅ ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች። ከተጠራጠራችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ሆሳዕና ያላችሁ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው።

ቁራጮቹን ቆጥራችሁ ካርቶኑ ክዳን ላይ ቁጥሩን ጻፉ፤ ማታ ሲሰበሰብ ልጁ ራሱ ይቁጠር። ደግሞም እናንተ አትግጠሙለት። ጠማማ ገጥሞ መኪናዋ ስትወድቅ ለምን እንደወደቀች የሚያውቀው ያኔ ነው።

እነዚህን ደረጃዎች የሚያልፍ ካርቶን ካጣችሁ ባዶ እጃችሁን ውጡ። የሃይላንድ ጠርሙስና አራት ቆርኪ መኪና ይሆናል፤ የእንሰት ዘንግ መንገድ ይሆናል።

የእህቴ ልጅ ሁለተኛውን ትራክ ራሱ መረጠ። ባለሱቁ ፊት ሦስት ጊዜ ገጥሞ ሦስት ጊዜ ነቀለው። አሥራ ሁለት ቀጥ፣ ስምንት ጠማማ፤ ቀለበት የለውም። መነሻው ግን ዛሬም ያው የእንሰት ዘንግ ነው፤ ሲደርቅ ሌላ ያስቆርጣል። የትራኩ ጥርስ እስከ ዛሬ አልረገፈም።