«አያስተላልፍም» ከማለታችን በፊት

ክፍል ስንገባ «ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እንደ ፕላስቲክ ያለ ከካርበን የተሠራ ነገር አያስተላልፍም» ብለን እናልፋለን። ታዲያ አንድ ተማሪ «ሁልጊዜ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን?

እ.ኤ.አ. በ1911 ካመርሊንግ ኦነስ ባዜቃን ወደ 4 ኬልቪን ሲያቀዘቅዝ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ድንገት ጠፋ። ይህ ጠባይ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ይባላል። በ1980 ዴኒ ዤሮም፣ ክላውስ ቤክጋርድና ባልደረቦቻቸው ያንኑ ጠባይ በኦርጋኒክ ጨው ውስጥ አገኙ።

ከእነዚህ ጨዎች አንዳንዶቹ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ የተደራረቡ ናቸው፦ አንዱ ንጣፍ ካርበንና ድኝ፣ ቀጣዩ መዳብና ክሎሪን ያለበት። ኤሌክትሮን በንጣፉ ላይ ይሄዳል እንጂ ወደ ሌላው በቀላሉ አይዘልም።

እንዲህ ያለው ጨው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሮኖቹ ስለሚገፋፉ ባሉበት ይቆማሉ፤ ትንንሽ ማግኔትነታቸውም አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሆኖ ይሰለፋል። ኤሌክትሪክ አያልፍም። 300 አትሞስፌር ያህል ግፊት ሲጨመርበት ግን ሞለኪውሎቹ ይቀራረባሉ፤ ኤሌክትሮኖቹ ይላቀቃሉ፤ በ13 ኬልቪን ግድም ተቃውሞው ጭራሽ ይጠፋል።

ኃይለኛ ማግኔት ሱፐርኮንዳክቲቪቲን እንደሚያጠፋ ተምረናል። እዚህ ግን ሁለቱ አጥር የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው። ብዙ ተመራማሪዎች ኤሌክትሮኖቹን የሚያጣምራቸው ራሱ ማግኔትነቱ ነው ይላሉ፤ ክርክሩ ግን ገና አልተዘጋም።

ስለዚህ ለተማሪው «ሁልጊዜማ አይደለም፤ የተሠራበትን፣ ሙቀቱንና ግፊቱን እንይ» እንበለው።