የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪሺያን እንዴት ይፈራል? ለጋምቤላ ባለሀብት የሚበጅ ትምህርት

በጋምቤላ ከተማ ወፍጮ፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ የዓሣ ማቀዝቀዣ ወይም ሆቴል የሚከፍት ነጋዴ በቅድሚያ የሚያሰላው የማሽኑንና የቤቱን ዋጋ ነው። ማሽኑን የሚያገናኘውና ሲቆም የሚያስነሳው ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል። ጉድለቱ የሚታወቀው ሞተር ሲቃጠል ነው።

የቤት መብራት የሚዘረጋ ሁሉ የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪሺያን አይደለም። መኖሪያ ቤት ባብዛኛው በ220 ቮልት፣ በአንድ ፌዝ ይሠራል፤ ትልልቅ ወፍጮና ፓምፕ ግን 380 ቮልትና ሦስት ፌዝ ይፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱ ፌዝ ቢቋረጥ፣ በሥራ ላይ ያለ ሞተር በቀሪዎቹ ሁለቱ መጎተቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ከመጠን በላይ ከረንት ይስብና ይቃጠላል። ከዚህ የሚያድነው በሞተሩ ልክ የተስተካከለ ኦቨርሎድ ሪሌይ ነው። እንዲሁም ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ከረንት ከ5 እስከ 7 እጥፍ ሊስብ ይችላል፤ በስታር ዴልታ ሲነሳ ግን ከመስመሩ የሚስበው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል።

የባሮ ዳር ሙቀትም የራሱ ሒሳብ አለው። በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር 100 አምፔር የሚሸከም ተራ የፒቪሲ ኬብል፣ ሙቀቱ 40 ሲደርስ 87 አምፔር ብቻ ይሸከማል። ስለዚህ ደጋ ላይ የበቃው ኬብል በጋምቤላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ላይበቃ ይችላል።

ይህን ሁሉ ለማጁ ከደብተር ብቻ አያገኘውም። ንድፈ ሐሳቡን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይማራል፤ እጁን የሚያፍታታው ግን በድርጅት ውስጥ፣ ከነባር ባለሙያ ሥር ነው። በመጀመሪያ ኃይል መቁረጥንና መቋረጡን በመለኪያ ማረጋገጥን ይለምዳል። ቀጥሎ ቱቦና ገመድ ይዘረጋል፤ ከዚያም ፓኔል ያስራል፤ በመጨረሻ ብልሽት መፈለግ ይጀምራል። ሥልጠናውን ሲጨርስ ለብቃት ምዘና ይቀርባል።

ለማጅ የሚቀበል አሠሪ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ማወቅ ይገባዋል። የሙያ መልመጃ ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው የመንግሥት አካል መረጋገጥ አለበት። የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ ለለማጁ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታም በውሉ ይጻፋሉ። ከሙያው ጋር የማይገናኝ ሥራ ላይ ለማጁን ማሰማራት አይፈቀድም፤ ጆንያ ማሸከም ኤሌክትሪክ ማስተማር አይደለም። ሥልጠናው ሲያበቃም አሠሪው የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ለለማጁ የሚከፈለው ገንዘብ ወጪ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ሞተር ተቃጥሎ ባለሙያ ከመቱ ወይም ከጅማ እስኪደርስ የሚቆመው ወፍጮው ብቻ አይደለም፤ ደንበኛውም እህሉን ተሸክሞ ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳል።