ስለ አባት ርስት

አንባቢ ሆይ፤ ለልጅህ ምን ልታወርሰው ታስባለህ? የሐረርጌን ገዥ የራስ መኰንንን ቤት ተመልከት። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ እመቤት ዓሊ በ1886 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ተፈሪ፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፥ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ራስ መኰንን በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ዘመቱ፤ በ1894 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዙ። ይህን ያህል ሥራ ቢበዛባቸውም ልጃቸውን ያለ መምህር አልተዉም፤ የፈረንሳይንም ቋንቋ አስተማሩ፤ የዘመዳቸውንም ልጅ እምሩን አብረው አሳደጉ። በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲሞቱ ተፈሪ የ13 ዓመት ብላቴና ነበሩ። የአባታቸው ግዛት ያን ጊዜ ለወንድማቸው ለይልማ ተሰጠ፤ ትምህርታቸውን ግን ማንም አልወሰደባቸውም።

እንግዲህ በናዝሬትና በሞጆ ለልጅህ ቤትና ገንዘብ የምታከማች አባት ሆይ፥ በሕይወት ሳለህ ልጅህን አስተምር። ሹመት ይሻራል፥ ገንዘብም ያልቃል፤ በልብ የተጻፈ ትምህርት ግን ይኖራል።