ከጉለሌ ወደ ሱባ፦ ለሁለት ቀን ድንኳን ይዞ መውጣት

እንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ዳገት ብርቁ አይደለም። ዳገት ላይ ማደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ቡድን የሚሸነፈው በእግር ጉዞው ሳይሆን በሌሊቱ ነው። ለጀማሪ የመናገሻ ሱባ ደንን እመርጣለሁ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ደኑን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተከሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንደሆኑ ይነገራል፤ የጽዱ ዘርም ከወፍ ዋሻ እንደመጣ ይተረካል።

1. ወሩን ምረጡ
ከጥቅምት እስከ ጥር መንገዱ ይደርቃል፣ ሰማዩም ይጠራል። ያው የጠራ ሰማይ ግን ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ማን እንደሚጾም አስቀድማችሁ ተጠያየቁ፤ ግማሹ ሰው ለማይቀምሰው ጭኮ ትከሻ ማድከም የለበትም።

2. እንጦጦ ላይ ሞክሩት
ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ሻንጣችሁን ልክ እንደምትሄዱበት ሞልታችሁ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ውጡ፤ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ዘውድ እስከጫኑባት ቤተ ክርስቲያን። ጫማ ተረከዝ የሚልጥ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ማን ቶሎ እንደሚደክምም ይታያል፤ እሱ በዋናው ጉዞ ፊት ፊት ይሂድ፣ የቡድኑን እርምጃ እሱ ይወስን። እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱት እናቶች መንገድ መልቀቅ እንዳትረሱ።

3. የመኝታ ነገር
እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ውድ ድንኳን ገዝቶ መሬት ላይ በአንሶላ የሚተኛ ሰው አይቻለሁ፤ ድንኳን ነፋስና ጤዛ ይከላከላል እንጂ አያሞቅም። ሙቀታችሁን የሚመጠው ከሥራችሁ ያለው መሬት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስፖንጅ፣ ከተቻለ ሥሩ ካርቶን። ከላይ የመኝታ ከረጢት ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ከእንጦጦ ሲወርድ ሽሮ ሜዳ ጎራ ብሎ ወፍራም ጋቢ ይግዛ። አራት ድርብ ጋቢ በሹራብ ላይ ሲደረብ ያስተኛል። ጥጥ ስለሆነ ግን ከራሰ ዋጋ የለውም፤ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙት። ለመኝታ ብቻ የሚሆን አንድ ደረቅ ካልሲ ለይታችሁ አስቀምጡ። ቀን የለበሳችሁት ላብ የጠጣ ልብስ ሌሊት ጠላት ነውና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀይሩት።

4. ስንቅ
በ2,400 ሜትር አካባቢ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ባቄላና ምስር እስኪበስል ነዳጃችሁ ያልቃል። ሽሮና ድርቆሽ ይዛችሁ ሂዱ፦ ሽሮውን አንተክትኮ ድርቆሹን መፈርፈር ነው። ለመንገድ ቆሎና በሶ ይበቃል። ምግቡን በትንሽ ቡታጋዝ አብስሉ፤ ደን ውስጥ እሳት አይነድም።

5. መንገድና ፈቃድ
ሳትነሱ የአካባቢውን ሁኔታ በስልክ አጣሩ፤ ጸጥታው አስተማማኝ ካልሆነ ቀኑን ማዛወር ነው፣ አያከራክርም። ከአየር ጤና ወደ ሰበታ ትራንስፖርት አለ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለአጭር አውቶሞቢል ስለሚከብድ ከፍ ያለ መኪና ኮንትራት ያዙ። ደኑ ባለቤት አለው። ጽሕፈት ቤቱ ደርሳችሁ መግቢያውን ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የት ማደር እንደሚፈቀድ ጠይቁ። የአካባቢውን ሰው ለጥበቃና ለመንገድ መሪነት ቅጠሩ፤ ዋጋውን እዚያው ተነጋገሩ።

6. ድንኳን መትከል
ከ10 ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ 12 ሰዓት ላይ ይመሻል። የሸለቆ ወለል ለጥ ያለ ስለሆነ ያታልላል፤ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር የሚወርደው ግን ወደዚያ ነው። ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ፈልጉ፤ ቀና ብላችሁም የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳለ እዩ። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፦ ጅብ በሌሊት፣ ጦጣ በንጋት ይመጣሉ። በተዘጋ መኪና ወይም በጥበቃው ቤት ይቀመጥ። ለመጸዳጃ ከውኃ ራቅ ብሎ አንድ ስንዝር ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ መድፈን።

7. እሁድ
በ12 ሰዓት ተነሱና ወደ ወጨጫ ተራራ ጫፍ ውጡ፤ 3,385 ሜትር ነው። ከታች ጽድና ዝግባ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያም ቁጥቋጦው ይመጣል። ጉሬዛ ለማየት ድምፅ ቀንሱ፤ ሙዚቃ የሚከፍት ሰው ካለ ስፒከሩን ቤት ያስቀር። ራሱን ያመመው ሰው ካለ አንድ ሰው አብሮት ይውረድ። ጫፍ ላይ ብዙ አትቆዩ፤ ቁልቁለቱ ጉልበት ላይ ነው የሚበረታው፣ ሳትደክሙ ጀምሩት።

8. መመለስ
ቆሻሻችሁን ሰብስባችሁ ይዛችሁ ውረዱ፣ ለጥበቃው የተነጋገራችሁትን ክፈሉ። ጤዛ የጠጣ ድንኳን ታጥፎ ከቆየ ይሻግታልና ቤት እንደገባችሁ ግቢ ውስጥ ወይም ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።