ሳሙናን ያለ እሳት በቤት ስለ መሥራት

ጥያቄ፦ እሳት ላይ ሳይጣድ በቤት ሳሙና እንደሚሠራ ሰምቻለሁ፤ ኮስቲክ ሶዳው ግን ያስፈራኛል። እርሱን ትቼ ወይም ቀንሼ መሥራት አልችልም?

መልስ፦ ክቡር አንባቢያችን፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሳሙና የሚገኘው ቅባትና ሶዳ ተዋሕደው፣ የቀደመ ጠባያቸውንም ለውጠው ስለሆነ፣ ሶዳውን የተወ ሰው በእጁ የሚቀረው ቅባት ብቻ ነው። በሶዳው ምትክ የሚታሰበው የአመድ ውኃም ኃይሉ በውል የማይታወቅ፣ የሚሰጠውም ለስላሳ ሳሙና በመሆኑ ለጀማሪ አልመክረውም።

መቀነስስ ይቻላል፤ ግን በልክ። 700 ግራም የወይራና 300 ግራም የኮኮናት ዘይት ፈጽመው ሳሙና ይሆኑ ዘንድ 149 ግራም ገደማ ንጹሕ ሶዳ የሚሹ ሲሆን፣ ከዚሁ ከመቶ 5 እጅ ቀንሰው 141 ግራም ቢያገቡ፣ ሳይለወጥ የሚቀረው ጥቂት ቅባት ለቆዳ ይራራል። በሚዛን ይመዝኑ፤ ስኒ አይታመንም።

ሶዳው በ280 ግራም ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል እንጂ ውኃው በሶዳው ላይ ከቶ አይፈስም፤ ድንገት ገንፍሎ ፊትን ያቃጥላልና። የብዙዎቻችን ድስት አሉሚኒየም ነው፤ ሶዳው ይህን ብረት በልቶ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ የማይዝግ ብረት ወይም ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ይያዙ። ጓንትና መነጽር አይለዩዎት፤ ቢረጭብዎ በብዙ ውኃ ይታጠቡ።

የሶዳው ውኃና ዘይቱ ሁለቱም ወደ 40 ዲግሪ ሲደርሱ አዋሕደው እንደ አጥሚት እስኪወፍር ያማስሉ፣ በቅርጽ ማውጫም ይገልብጡት። ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ሲጠና ቆርጠው፣ ውኃው ተንኖ እንዲጠነክር ነፋሻ በሆነ ስፍራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያኑሩት። ሽቶውን ለሁለተኛው ሥራ ይተዉት፤ አንዳንዱ ውሑዱን ያለ ጊዜው ያረጋዋል።