ባር ከማወፈርዎ፣ ጎማ ከማስፋትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ኦቶክሮስ የጀመረ ሰው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ውድድሩ ላይ አንድ ፎቶ እጁ ይገባል። መኪናው በኮኖቹ መካከል ወደ ውጭ አጋድሎ፣ የውስጡ ጎማ ከመሬት ሊለቅ ደርሶ ይታያል። በማግስቱ ማጋደልን የሚቀንስ ወፍራም ስታቢላይዘር ባር ያዛል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የ1990ዎቹ ማዝዳ ሚያታ ነበረችኝ፤ የኋላውን ባር ብቻ አውጥቼ በወፍራም ተካሁት። ማጋደሉ ቀነሰ፣ ሰዓቴ ግን ባሰበት። ከኩርባ ስወጣ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር የውስጡ የኋላ ጎማ በባዶ ይሽከረከር ነበር። አንድ ሙሉ የውድድር ወቅት ጥፋቱ የእጄ ነው ብዬ ስታገል አለፈ፤ ጥፋቱ ግን የምርጫዬ ነበር። ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት እነዚህን ነገሮች አብረን እንያቸው።

የሚወዳደሩበት ምድብ ይፈቅድልዎታል?

በአሜሪካ አብዛኛው ኦቶክሮስ የሚካሄደው በሰፋፊ የመኪና ማቆሚያዎችና በአሮጌ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያዎች ላይ ነው። መኪናው ብቻውን ይሮጣል፣ ተፎካካሪው ሰዓት ነው፤ የተመታ ኮን ሁሉ 2 ሰከንድ ያስጨምራል። ብዙዎቹ ክለቦች የሚከተሉት በ1944 የተመሠረተውን የስፖርትስ ካር ክለብ ኦፍ አሜሪካን ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት «ስትሪት» በሚባለው ምድብ ለዓመታት የተፈቀደው አንድ ባር ብቻ መለወጥ ነው፤ ወይ የፊቱን፣ ወይ የኋላውን። የቸርኬው ስፋትም ፋብሪካው ከሰጠው ፈቀቅ አይልም፤ ጎማው ትሬድዌሩ (ቶሎ ያለማለቅ ደረጃው) ከ200 ያላነሰ መሆን አለበት። ሁለቱንም ባሮች መለወጥና ቸርኬ ማስፋት የሚቻለው «ስትሪት ቱሪንግ» ውስጥ ነው፤ እዚያም እያንዳንዱ ምድብ የራሱ የስፋት ጣሪያ አለው። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚታደስ የዘንድሮውን እትም ያንብቡ። በ40 ዶላር የባር ማያያዣ ምክንያት ከራሱ መኪና እጅግ ከተሻሻሉ መኪኖች ጋር የሚመደብ ሰው አለ፤ ያሳዝናል።

ቀድሞ የሚያመልጥዎት የትኛው ጫፍ ነው? መቼ?

ዋናው ነገር ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ።

ባር ክብደት ወደ ውጭ ጎማዎች እንዳይሄድ አያግድም። ከነሹፌሩ 1,050 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 46 ሳንቲ ሜትር የሚርቅ፣ የግራና የቀኝ ጎማዎቹ በ142 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ መኪና ይውሰዱ። በ1 ጂ ሲታጠፍ ወደ 340 ኪሎ ገደማ ከውስጥ ወደ ውጭ ጎማዎች ይሻገራል። የፈለጉትን ያህል ወፍራም ባር ቢያስሩ ይህ ቁጥር ያው ነው ማለት ይቻላል። ባሩ የሚወስነው ከ340ው ስንቱ በፊት ጎማዎች በኩል፣ ስንቱ በኋላ ጎማዎች በኩል እንደሚሻገር ነው።

ይህ ክፍፍል ለምን ያስጨንቀናል? ጎማ ሸክም ሲጨመርበት አስፋልት የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፣ ግን በሸክሙ ልክ አይደለም። ሸክሙ እጥፍ ሲሆን አቅሙ እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ ብዙ ክብደት ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያሻግረው ጫፍ በድምሩ ይከስራል። የፊት ባር ሲወፍር የፊት ጎማዎች ይከስራሉ፣ የኋላዎቹ ያተርፋሉ። መሪውን አዙረው አፍንጫው አልታጠፍ ካለ የፊቱን ማወፈር ችግሩን ማባባስ ነው። ኋላው እያመለጠ ካስቸገረዎ ግን የፊት ባር ያረጋጋዋል። ባር ከአንዱ ጫፍ ወስዶ ለሌላው ያበድራል፤ ከራሱ የሚሰጠው ነገር የለውም።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ይህን ሒሳብ ያዛቡታል። አንደኛው የእግሮቹ (የሰስፔንሽኑ) አሠራር ነው። እንደ ሱባሩ ቢአርዜድና ቶዮታ 86 ፊታቸው በስትራት የተሠራ መኪኖች ሲያጋድሉ የውጭው የፊት ጎማ ወደ ውጭ ተደፍቶ በትከሻው ይቆማል። እዚያ ላይ ወፍራም የፊት ባር ማጋደሉን ስለሚቀንስ ጎማው በሙሉ ፊቱ እንዲረግጥ ያደርጋል፤ ትርፉም አንዳንዴ ከኪሳራው ይበልጣል። በአላይመንት ለጎማው በቂ የወደ ውስጥ ዘመም (ካምበር) መስጠት ከቻሉ ግን በቅድሚያ እሱን ይሞክሩ፤ ከባር ይረክሳል።

ሁለተኛው ዲፈረንሻሉ ነው፤ እኔን የመታኝም ይኸው ነው። ክፍት ዲፈረንሻል ኃይሉን የሚያወጣው ቀላል በሆነው ጎማ በኩል ነው። የኋላ ጎማ በሚነዳው መኪና ላይ የኋላ ባር ሲወፍር የውስጡ የኋላ ጎማ ይቀላል፣ ከዚያ ይነሳል፣ ኃይሉም አየር ላይ ይባክናል። ለእንዲህ ዓይነት መኪና የሚሻለው የፊት ባር ነው፤ የውስጡን የኋላ ጎማ መሬት ላይ ያቆይልዎታል። እንደ ሆንዳ ሲቪክ ፊቱ በሚነዳ መኪና ነገሩ ይገለበጣል። ወፍራም የኋላ ባር አፍንጫው እንዲታጠፍ ይረዳል፤ የውስጡ የኋላ ጎማ ቢነሳም ኃይል ስለማያስተላልፍ ብዙ አይጎዳም።

ስንት ሚሊ ሜትር?

የባር ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ነው። ከ19 ሚሊ ሜትር ወደ 22 ሲሄዱ ለዓይን የማይሞላ ልዩነት ይመስላል፤ ጥንካሬው ግን ወደ 80 በመቶ ይጨምራል። ውስጡ ክፍት የሆነ ባር ብዙ ክብደት ያድናል። ውጩ 25፣ ውስጡ 19 ሚሊ ሜትር የሆነ ባር ከድፍኑ 58 በመቶ ያህል ይቀላል፤ ከጥንካሬው የሚያጣው ግን አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ። ማያያዣውን ወደ መሐል ወዳለው ቀዳዳ ሲያመጡ ክንዱ ያጥራል፣ ባሩ ይጠነክራል፤ ውድድር ሜዳ ላይ በአንድ ቁልፍ የሚስተካከል ነገር ነው።

ሲገጠምም መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ እያለ ማያያዣው ባሩን ሳይጠመዝዘው መግባቱን ይዩ። ጎሚኒዎቹን ግሪስ ይቀቡ፤ የባሩን መያዣ ቆርቆሮም እንዳይሰነጠቅ በየጊዜው ይፈትሹ።

ጎማው ከባሩ መቅደም የለበትም?

በእኔ እምነት መቅደም አለበት። ለመኪናው ሁሉ የመያዝ አቅም የሚጨምረው ጎማ ነው። በ0.9 ጂ ይታጠፍ የነበረ መኪና በተሻለ ጎማ 1.1 ጂ ቢደርስ የሚሻገረው ክብደት በ22 በመቶ ይጨምራል፤ ማጋደሉም እንዲሁ። ዛሬ በአሮጌ ጎማ የመረጡት ባር በአዲሱ ጎማ ላይ ልኩ ላይሆን ይችላል።

ስፋቱን ግን ለቸርኬዎ ይጠይቁት። የመጀመሪያዋ ሚያታ ከፋብሪካ የወጣችው በ5.5 ኢንች ቸርኬ ላይ 185/60 14 አጥልቃ ነው። 225 ጎማ እዚያ ላይ ቢጠለቅ እንኳ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይቆነጠጣል፤ መሪ ሲያዞሩ ጎማው ይተጣጠፋል፤ አቅጣጫ መለወጡም ይዘገያል። በጠባብ ቸርኬ ላይ የተጨናነቀ 225 በልኩ ቸርኬ ከተወጠረ 205 ሊያንስ ይችላል። በ15 ኢንች ቸርኬ 205/50 ቁመቱ 586 ሚሊ ሜትር፣ 225/45 ደግሞ 583 ተኩል ያህል ስለሆነ ማርሹ ብዙም አይዛባም። ፓራፋንጎውን ግን መሪው እስከ ጥግ ዞሮ፣ ሞላው ታምቆ እያለ ይለኩ፤ ጎሚስታው ግቢ ውስጥ የማይነካ ጎማ ኩርባ ላይ ይፈጫል።

የአንድ ዙር ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አካባቢ መሆኑንም አይርሱ። ቀላል መኪና ላይ የተጠለቀ በጣም ሰፊ ጎማ በቀዝቃዛ ጠዋት ሳይሞቅ ዙሩ ያልቃል። ውሃ ባቆረ አስፋልት ላይም ሰፊው ቶሎ ይንሳፈፋል።

ለሚቀጥለው ውድድር አንድ ደብተርና የጎማ ንፋስ መለኪያ ይዘው ይሂዱ። ከየዙሩ በኋላ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ኩርባ ሲገቡ፣ መሐሉ ላይ ሲሆኑና ነዳጅ ሰጥተው ሲወጡ የትኛው ጫፍ እንዳመለጠ። ከዚያ የፊቱን ንፋስ በ2 ፒኤስአይ ቀንሰው ወይም ጨምረው ይድገሙት። ከሦስት ውድድር በኋላ አንዱ መልስ ደጋግሞ ከመጣ ባር ሻጩ ጋ ይደውሉ።