ሒሳብ ለቀለላት ልጅ እናት

የወንድሜ ልጅ፣ ባለፈው ሰንበት ከወረታ አዲስ ዘመን ድረስ መጥተሽ የነገርሽኝን ሳሰላስል ሰነበትሁ። «ጋሼ፣ መምህሩ ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን ትናገራለች፤ ከዚያ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች። አሁንማ ትምህርት ቤት አልሄድም እያለች ታለቅሳለች» አልሽኝ። የአራተኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ ቀለለኝ ብላ ስታለቅስ ያየ ሰው ቅብጠት ይመስለዋል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ይህን ልቅሶ አውቀዋለሁ፤ የራብ ልቅሶ ነው። እዚህ ጣራ ገዳም ግርጌ ተቀምጬ የማስበውን እንዲህ ጽፌልሻለሁ።

፩. በመጀመሪያ የምትሰናከልበትን ቦታ ፈልጊ። ከምታውቀው ላይ መቶ ጥያቄ ቢጨመርላት ድካም ብቻ ነው የሚተርፋት። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ ተዋሺና ከየምዕራፉ መጨረሻ ያለውን መልመጃ በተራ ስጫት፤ ሰዓት አትያዢባት። ክፍልፋይ ማካፈል ላይም ይሁን ፐርሰንት ላይ፣ እጇ ቀጥ የሚልበት ቦታ አለ። ትምህርቷ ከዚያ ይጀምራል። አሜሪካ ውስጥ ጁሊያን ስታንሊ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ጥናት በዚሁ ሐሳብ የቆመ ነበር። የ12 እና የ13 ዓመት ልጆችን ለኮሌጅ መግቢያ በተዘጋጀ ፈተና መዘኗቸው። በክፍላቸው ፈተና ሁሉም ጫፍ ስለሚደርሱ አይለዩም ነበር፤ በከባዱ ፈተና ግን ማን የት እንደደረሰ ታየ።

፪. እንግዳ በመጣ ቁጥር «47 በ8 ሲባዛ ስንት ነው?» እያላችሁ አታስቁሟት። በፍጥነቱ ብቻ የተመሰገነ ልጅ የሚያዘገየውን ጥያቄ ይሸሻል። «እንዴት አገኘሽው? በሌላ መንገድስ ይገኛል?» በያት።

፫. መምህሩን በአክብሮት ቅረቢው። ይህን የምልሽ በራሴ ጥፋት ነው። ወጣት መምህር ሳለሁ እንደ ልጅሽ ያለ ልጅ ነበረኝ። ሲጨርስ ያንኑ ድገም እለዋለሁ፤ ደግሞ ሲጨርስ ሰሌዳ አስጠርገዋለሁ፤ ሲያወራ ደግሞ አስወጣዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተወ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት አገኘሁት፤ የሃያ ሰው ኩንታልና ክፍያ ያለ ወረቀት በቃሉ ያሰላ ነበር። «ጋሼ» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል አንገቴን ደፋሁ። ዛሬም ያ ልጅ ከዓይኔ አይጠፋም። ስለዚህ ስድሳ ልጅ የያዘውን መምህር «ትምህርትህ አይመጥናትም» አትበይው። «ስትጨርስ ከራሷ ደብተር እንድትሠራ ይፍቀዱላት» ብለሽ ይህቺን አንዲት ነገር ብቻ ለምኚው።

፬. የሚከብደውን ነገር ከሩቅ አትፈልጊ፤ ባሕረ ሐሳብን አስጀምሪያት። በየዓመቱ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የምንሰማበት ስሌት፣ ከነምስጢሩ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል ያልቃል። የ2018ን ዓመት ውሰጂ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል፤ ከ13 አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበር በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል፣ 12 ይቀራል፤ እርሱ አበቅቴ ነው። ወንበር በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ እርሱ መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7፤ 18 እና 7 ሲደመሩ 25። መጥቅዑ በመስከረም ስለዋለ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፤ ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥሪ ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ ላይ ትደርሻለሽ።

አሁን 12 እና 18ን ደምሪ፤ 30። የሌላ ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ብትደምሪም 30 ነው። ልጅሽ የአምስት ዓመቱን አስልታ ይህን ራሷ ታግኘው። ከዚያ «ለምን ሁልጊዜ 30 ሆነ?» ብለሽ ጠይቂያትና ዝም በይ። 11 እና 19ን ብትደምሪ አንቺም ይገባሻል፤ ለእሷ ግን አትንገሪያት። ሳምንት ይፍጅባት። ያቺ ሳምንት ከወርቅ ትበልጣለች። ቀጥላ «ለምን በ19?» ካለች፣ በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት መግጠማቸውን ትመርምር። የግዕዝ አኃዝ የዜሮ ምልክት ሳይኖረው ሊቃውንቱ ቀሪ ሲጠፋ «አልቦ» ማለታቸውንም አስተውዪላት። ፳፻፲፰ን ከ፲፱ ጋር እንደ ትምህርት ቤቱ ቁጥር አንዱን ከአንዱ ሥር አድርጋ ለመደመር ትሞክር፤ ዜሮ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ያኔ ይገባታል።

፭. የአባቷ የሩዝ ማሳም ሒሳብ ነው። ፎገራ ላይ ድንበሩ ቀጥ ያለ ማሳ ስንት አለ? ገመድና ካስማ ስጫት፤ ጠማማውን መሬት በሦስት ማዕዘን ከፋፍላ ስፋቱን ታውጣ። ወረታ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቅርብሽ ነው፤ አንዱን ባለሙያ ለምነሽ መሞከሪያ ማሳ አሳያት። አንዱ የሩዝ ዝርያ በአንድ ቦታ ብቻ አይዘራም፤ በዕጣ በተለያየ ቦታ ይደጋገማል። ለምን? ለም መሬት የደረሰው ዝርያ በመሬቱ ብርታት እንዳያሸንፍ ነው። ይህን የተረዳች ልጅ ከመጽሐፏ እጅግ ርቃ ሄዳለች።

፮. ክፍል ትዝለል ወይ ብለሽኛል። እኔ አሁን አልመክርም፤ ከእኩዮቿ ጋር ትጫወት፣ በሒሳቡ ብቻ ወደፊት ትሂድ። የአብነት ትምህርት ቤት ወጉ እንዲህ አልነበር? አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አጠገቡ ያለው ዳዊት ይደግማል፤ የኔታ ሁሉንም በየደረጃው ይሰማሉ። መምህሩ ያለውን የጨረሰ ደግሞ ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ወደ ዙር አምባ ይሄዳል፤ ሁለቱም በዚሁ በደቡብ ጎንደር ናቸው። ለልጅሽም ዛሬ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚሰማት የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህር ፈልጊ። ከፍ ስትል ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አለ። ጓደኞቿን ታስረዳ፤ ማስረዳት ዕውቀትን ያጠራል፤ ነገር ግን ሰዓቷን ሁሉ የሰው አስጠኚ ሆና አትጨርሰው።

፯. የሱቅሽ መደመሪያ አታድርጊያት። ማታ ትተኛ።

ለሚመጣው በዓል ይዘሻት ነይ፤ ጥዱና ወይራው ሥር ቁጭ ብለን እናወራለን። የ2019ን ነነዌ አስልታ፣ ለማንም ሳታሳይ ትምጣ። እኔም አስልቼ ወረቀቱን አጥፌ በኪሴ ይዣለሁ።